መውጣት የነበረበት ቧንቧ

የእህቴን ባል የገደለው አባቴ የደበቀው ቧንቧ ነው። ማሽኑ አይደለም፤ ክፍሉም አይደለም፤ የሟቹ ችኮላም አይደለም። አውራ ጣት የሚያህል የመዳብ ቧንቧ አፉ ውጭ መሆን ሲገባው ጉድጓድ ውስጥ ሆነ፤ ከዚያ ሰው ሞተ።

ይህን የምለው መሐንዲስ ስለሆንኩ አይደለም። ቧንቧውን ከመነሻው እስከ መድረሻው በእጄ ዳስሼ ስላየሁት ነው።

ነገሩ አይከብድም። ከመሬት ሥር የሚሳብ ውሃ ለእጅ ቢቀዘቅዝም ሙቀት አለው። የሙቀት ፓምፕ የሚባለው ማሽን ያንን ሙቀት ከውሃው ይቀበልና፣ ፍሪጅ ውስጥ እንደሚዞረው ባለ ጋዝ ተሸክሞ፣ በኮምፕሬሰር ጨምቆ ለቤቱ ማሞቂያ ያስረክባል። ውሃው ትንሽ ቀዝቅዞ ወደ መሬት ይመለሳል። ጭስ የለው፣ እሳት የለው። ክፉው ነገር ጋዙ ነው። አይሸትም፣ አይታይም፣ ከአየር ይከብዳል። ካመለጠ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ እንደ ውሃ ይተኛል፤ በቦታው የነበረውን አየር ገፍቶ ያስወጣል። ለዚህ ነው ማሽኑ ላይ የደህንነት ቫልቭ የሚገጠመው፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ይከፈትና ጋዙን ያስተነፍሳል። ከቫልቩ የሚነሳው ቧንቧ ደግሞ ግድግዳ በስቶ፣ ሰው ወደማይቆምበት ክፍት አየር መውጣት አለበት። ይህን የማያውቅ ገጣሚ የለም። አባቴም ያውቃል። ለእኔ መጀመሪያ የነገረኝ እሱ ነው፤ ገና ተማሪ ቤት ሳለሁ፣ እጄን ይዞ አንዱ ግቢ ውስጥ ከግድግዳ ብቅ ያለች ቧንቧ እያሳየኝ፣ «እዚች ፊት እንዳትቆሚ» ብሎ።

ሠራተኞቹ አባቴን «ውሃ ልክ» ይሉታል። ፊት ለፊቱም ይሉታል፤ ደስ ይለዋል። በሕይወቱ አንድ ጠማማ ነገር ሰቅሎ አያውቅም። ቤታችን ውስጥ መስታወት ዘንበል ካለ ሳያቃናው አይቀመጥም። ሥራ ላይ ደግሞ አንድ ሕግ አለው፦ ቧንቧ መታየት የለበትም። ሌላው ገጣሚ ቧንቧውን ግድግዳ ላይ እንደ አንጀት ዘርግቶት ሲሄድ፣ አባቴ ወለል ሥር ይቀብረዋል፣ ልስን ውስጥ ያስገባዋል፣ ሣጥን ይሠራለታል፣ ምንም አማራጭ ሲያጣ የግድግዳውን ቀለም ይቀባዋል። ደንበኞቹ የማሽን ክፍላቸውን ለእንግዳ ያስጎበኛሉ። «አንድ ቧንቧ አይታይም እኮ!» ይላሉ። አባቴ ከዚህ የበለጠ ምስጋና አያውቅም።

የእህቴ ባል «ብሎን» ነበር። ቀጭን ነው፤ ማንም የማይገባበት ቦታ ተጠማዝዞ ይገባል፤ ስሙ ከዚያ መጣ። እህቴን ከማግባቱ በፊት ጀምሮ ከአባቴ ጋር ሠርቷል። ያገባትም ለአባቷ ምሳ ስታደርስ አይቷት ነው፤ ምሳውን ተቀብሎ ከአባቴ በፊት በላው ይባላል። አፉ አያርፍም ነበር። ሲሠራ ያወራል፣ ሲበላ ያወራል፣ ማሽን ሥር ተጋድሞ ያወራል። እኔ ብዙ ጊዜ ዝም በል እለው ነበር። አሁን ዝም ብሏል።

የመጨረሻ ሥራቸው የአንድ እንግዳ ማረፊያ ምድር ቤት ነበር። ሥዕሉን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ የቫልቩን መውጫ በአትክልቱ በኩል ባለው ግድግዳ አስወጥቼዋለሁ። ባለቤቱ ግን ያንን ግድግዳ ገና ማስለሰኑ ነበር፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ፊት ለፊቱ የእንግዶች ወንበር የተደረደረበት። እኔ በዚያ ሳምንት ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበርኩ። የተባባሉትን የነገረኝ አብሯቸው የነበረው በያጅ ነው። ከአባቴ ጋር አብሮ ያረጀ፣ ነገር የማይጨምር ሰው ነው።

«ጋሼ፣ የዚችን መውጫ በየት በኩል ልብሳው?» አለ ብሎን።

«የምን መብሳት?»

«ግድግዳውን ነዋ። ልጅቷ ሥዕሉ ላይ ወደ ውጭ ነው ያወጣችው።»

«ልጅቷ የምትሠራው ወረቀት ላይ ነው። እኔ የምሠራው ሰው ቤት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ አፍንጫ ልትከልበት?»

«ቢያንስ ሲበርደው ያስነጥሳል።»

ሳቁ። የማሽን ክፍሉ ወለል ላይ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ደረት የሚደርስ ጉድጓድ አለ፤ ከውጭ የሚመጡት የውሃ ቧንቧዎች የሚገቡት በእሱ ነው፣ የውሃው ማጣሪያም ያለው እዚያ ነው። በላሜራ ክዳን ይዘጋል።

«ወደዚህ አውርደው» አለ አባቴ፤ ክዳኑን በጫማው እየመታ። «እዚህ ማን ያየዋል?»

«ማንም። ማጣሪያ ላጸዳ የምወርደው እኔ ብቻ ነኝ።»

«አንተ ደግሞ ዓይንህን ጨፍን።»

«እሺ ጋሼ፤ ዓይኔን ጨፍኜ እወርዳለሁ።»

ብሎን ቧንቧውን አጠፈ፣ ወደ ጉድጓዱ አወረደ፣ በያጁ በየዳት። አባቴ ራሱ ቀለም ቀባት። ግራጫ፤ ከወለሉ ጋር አንድ ዓይነት።

ማሽኑ በተከፈተ ዕለት ፎቅ ላይ ቀለም ቀቢዎች ነበሩ። ግድግዳው እየሞቀ ቀለሙን እንዳያበላሽባቸው የማሞቂያውን ውሃ ዘጉት፤ ለማንም አልተናገሩም። ሙቀቱ መሄጃ አጣ። ግፊቱ ወጣ፤ ማሽኑ ራሱን አጠፋ። አንዱ ሠራተኛ ማሽኑ ላይ ያለውን ቀይ ማስነሻ ቁልፍ ተጭኖ አስነሳው፤ እንደገና ጠፋ። በመሃሉ ቫልቩ የተሠራበትን ሥራ ሠራ፤ ተከፈተ። ሲመለስ ግን አንዲት ቅንጣት ቆሻሻ አፉ ላይ ቀረችና አጥብቆ አልዘጋም። ሌሊቱን ሁሉ ጋዙ ትንሽ በትንሽ በዚያች ቀለም በተቀባች ቧንቧ ወረደ። በሥዕሉ መሠረት ቢሆን ኖሮ አትክልቱ ላይ ተበትኖ ይቀር ነበር፤ ማንም ሳያውቀው። እኛም በማግስቱ ማሽኑ ለምን ጋዝ አነሰው ብለን ስንጨቃጨቅ እንውል ነበር።

ጠዋት ብሎን ማጣሪያውን ሊያጸዳ ወረደ። አዲስ መስመር በመጀመሪያው ቀን አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ማጣሪያው ካልጸዳ ውሃው ይታነቅና ማሽኑ ውስጥ በረዶ ይሠራል። መደረግ ያለበት ሥራ ነው፤ መደረግ ባለበት ቀን አደረገው። ክዳኑን አነሳ፣ በጠባቡ መሰላል ወረደ፣ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ እዚህ ታች አከራዩኝ፤ ከእርስዎ ልጅ ጋር ስንጣላ...»

እዚህ ላይ አቆመ።

«ብሎን ወሬ ጀምሮ አቋርጦ አያውቅም» አለኝ በያጁ። «ለዚህ ነው ቀና ብዬ ያየሁት።»

አባቴ ዘልሎ ሊገባ ሲል በያጁ ወገቡን አንቆ ያዘው። ሁለቱም ወለሉ ላይ ወደቁ። አባቴ የበያጁን እጅ ነክሶታል፤ የጥርሱ ምልክት አሁንም አለ። ባይይዘው ኖሮ ሁለት ሰው እንቀብር ነበር። ይህን የምናገረው አባቴ ፈሪ እንዳይመስላችሁ ነው። ለአማቹ ይሞትለት ነበር። ያቃተው ሌላ ነገር ነው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው፣ የአየር ጭንብል አጥልቀው አወጡት። ጉድጓዱን በትልቅ ማራገቢያ አየር አስገቡበትና ሄዱ። እኔ ስደርስ ክፍሉ ባዶ ነበር። ንጹሕ፣ ግራጫ፣ ጸጥ ያለ። ሥዕሌን ዘርግቼ መውጫውን ግድግዳው ላይ ፈለግሁ፤ የለም። ከዚያ እጄን ቫልቩ ላይ አድርጌ ቧንቧዋን ተከተልኩ፤ ከማሽኑ ጀርባ፣ ከሣጥኑ ሥር፣ በወለሉ ጠርዝ፣ ወደ ጉድጓዱ። መታጠፊያዋ ላይ እንኳ የቀለም እንባ አልነበረም። እንዲህ ያማረ ሥራ አይቼ አላውቅም። በያጁ በሩ ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። ሳልጠይቀው ነገረኝ።

መርማሪው በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ ብሎ ክፍሉን አሸገው። እኛ ቀበርነው።

ከቀብሩ ማግስት የወላጆቼ ቤት ሰው በሰው ሆነ። ከጎረቤት የመጡ ወንበሮች ከሶፋው እስከ ኮሪደሩ ድረስ ተደርድረዋል። አባቴ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የሚገባውን ሁሉ ይቀበላል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ሸሚዙ ግን ተተኩሷል። ለእያንዳንዱ ሰው ያንኑ ይናገራል፤

«ነግሬው ነበር። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈትና ቆይ፣ አየር ይግባበት ብዬው ነበር። ችኩል ነው፤ ታውቁት የለ።»

ሰዎቹ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ያውቁታላ። ችኩል ነበር፣ ተጫዋች ነበር፣ የሚገርም አይደለም። ውሸቱ ልክ እንደ ቧንቧው ተስተካክሎ ገጠመ፤ አንድ ስፌት አይታይም።

እህቴን ወጥ ቤት አገኘኋት። ከሥራ ቦታው የመጣውን የብሎንን የምሳ ዕቃ ታጥባለች። ከነምግቡ ነው የመጣው። ምግቡን ደፍታዋለች፤ ዕቃው ጸድቷል፤ እሷ ግን መፈተጓን አላቆመችም። የጥቁር ልብሷ እጅጌ እስከ ክንዷ ርሷል።

«ነይ ተቀመጪ፤ ሰው ይጠይቅሻል» አልኳት።

«ይጠይቅ።»

«እኔ ልጠበው።»

«ስንቴ ነው ቀስ በል ያልኩት?» አለች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ነው። «ስንቴ? መንገድ ሲሻገር ይሮጣል፣ ደረጃ ሲወርድ ይዘላል። አባዬ ቆይ ብሎት አልቆየም። አንዲት ደቂቃ መቆም! ለእኔ ሲል እንኳ መቆም አቃተው?»

«እንዲህ አትበዪ።»

«አልቅሺለት ይሉኛል። አላለቅስለትም። ጥሎኝ ነው የሄደው፤ በገዛ እግሩ።»

ዕቃውን ወደ መብራቱ አነሳችና ውስጡን አየች፤ ከዚያ እንደገና ሳሙና ጨመረችበት።

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር ልትሉ ትችላላችሁ። ከመርማሪው በፊት ከአባቴ አፍ እንድትሰማው ነበር ሐሳቤ። ጥቂት ቀን ልሰጠው አስቤ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ አጎቴ ነው።

ሳሎን ስመለስ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አባቴን ያጽናናል። ማጽናናት አይችልበትም፤ ሰው ሲከፋው የሚያውቀው መድኃኒት ማሞገስ ብቻ ነው።

«አንተ እኮ ሥራህ አፍ አውጥቶ ይመሰክርልሃል» ይለዋል። «ያንን የልብስ ማጠቢያ ቤት ያየ ሰው ምን ይላል? የእኛ ጎረቤት እዚያ ነው የምትሠራው። የማሽን ክፍል አይመስልም ትላለች። አንድ ቧንቧ አይታይም! ሴቶቹ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያው ምድር ቤት ነው አሉ፤ ስለሚሞቅ። ያቺ የብረት ክዳን ላይ ምንጣፍ ዘርግተው።»

አባቴ «ተው እንግዲህ» አለ። ግን ዓይኑን ከአጎቴ ላይ አነሳና ወደ እኔ አመጣው። እኔም አየሁት። ልብስ ማጠቢያውን የገጠሙት ከእንግዳ ማረፊያው በፊት ነው፤ ያኔ ሥዕል የሠራላቸው የለም። ያው ማሽን፣ ያው ምድር ቤት፣ ያው ጉድጓድ። አንድ ቧንቧ አይታይም።

«አባዬ፣ አንዴ» አልኩት።

መኝታ ቤት ገባን። አልጋው ላይ የእንግዶች ኮት ተከምሯል። ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

«ልብስ ማጠቢያው ጋ መውጫው የት ነው?»

«የምን መውጫ?»

«የቫልቩ።»

«አሁን ይሄ ይጠየቃል? ትናንት ነው የቀበርነው።»

«ወደ ውጭ ነው ወይስ ወደ ጉድጓዱ?»

«እዚያ ቫልቩ ተከፍቶ አያውቅም።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

እናቴ በሩን ገፍታ ገባችና ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው። «ምን ሆናችኋል? ሰው እየሰማ እኮ ነው።»

«ወደ ጉድጓዱ ነው» አለ አባቴ። ለእኔ ሳይሆን ለጫማው ነበር የተናገረው።

«ደውልላቸው።»

«ሐዘኑ ይለፍ። እኔው ራሴ ሄጄ ግድግዳውን እበሳዋለሁ። በአንድ ቀን ያልቃል። ማንም አያውቅም።»

«ክዳኑ ላይ ተቀምጠው ምሳ እየበሉ ነው አባዬ። ዛሬ። አሁን።»

«ደውዬ ምን ልበላቸው?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቧንቧው ጉድጓድ ውስጥ ነው ልበላቸው? ያኛውስ ይሉኛል። ልጁ የሞተበትስ እንዲሁ ነበር ወይ ይሉኛል። ከዚያ ምን ልመልስ? እህትሽ እዚያ ማዶ ተቀምጣለች።»

«እሷንማ ቸኩሎ ነው ብለህ አሳርፈሃታል። ወጥ ቤት ገብተህ ስታርፍ እያት።»

«አንቺ!» አለች እናቴ። «ምላስሽን ሰብስቢ። አባትሽ ነው።»

«የገጠማት እሱ ነው» አለ አባቴ። «ብሎን። በገዛ እጁ።»

«አውርደው ያልከው አንተ ነህ።»

«ማነው ያለሽ?»

«እጁን የነከስከው ሰው።»

አባቴ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አስተካክሎ ደረደራቸው። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፣ ሲያስብበት እንደቆየ በሚያስታውቅ አነጋገር እንዲህ አለ፦

«እሱ ሞቷል። የሞተ ሰው ስሙ ቢጎድፍ አይሰማውም። እኔ አለሁ። ነገም ቤቷ መጥታ የምታየው እኔን ነው። ባሏን አጥታለች፤ አባቷንም ልንሳት?»

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። ለአንድ አፍታ የተናገረው ነገር ልክ መሰለኝ። አባቴ ሲናገር ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፤ ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሚጎድለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ክዳኑ ላይ የተቀመጡት ሴቶች።

ስልኬን አወጣሁ። ሳሎን ወጣ ብዬ አጎቴን ጠየቅሁት፤ ቁጥሩን በጎረቤቱ በኩል አገኘልኝ፣ ለምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ። ተመልሼ፣ ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ አልጋው ላይ፣ ኮቶቹ መሃል፣ አባቴ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«አቤት!» አለች አንዲት ሴት። ከኋላዋ የማጠቢያ ማሽኖች ይጮኻሉ።

«ማሞቂያውን የገጠመላችሁ ሰው ልጅ ነኝ። የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ እርስዎ ነዎት?»

«ውይ ልጄ! ሰማሁ እኮ። ፈጣሪ ያጽናችሁ። ያ ሳቂታ ልጅ! እዚህ ሲሠራ ሥራ አስፈትቶን ነበር የሚውለው...»

«እትዬ፣ ማሽኑን አሁኑኑ ያጥፉልኝ። ሴቶቹንም ከምድር ቤቱ ያስወጡ።»

«ምነው? ምን ተፈጠረ?»

«ጋዝ ሊኖር ይችላል።»

«ኧረ ምንም አይሸትም።»

«አይሸትም። አደጋው እሱ ነው።»

«ተይ እንጂ ልጄ። የሆስፒታል አንሶላ እንደ ተራራ ተከምሮብኛል። ሐዘን ላይ ሆነሽ ሁሉ ነገር እያስፈራሽ ነው። አባትሽ ሲያስረክበኝ ከእኔ ቃል ውጭ ማንም እንዳይነካው ብሎኛል። እሱ ካላለኝ አላጠፋም። ደግሞ ዛሬ ጠዋት ራሱ ጠፍቶ ሲያሰለቸን ነበር። ቀዩን ቁልፍ ተጭነን ስናስነሳው ነው የዋልነው።»

አባቴ ቀና አለ።

የሰው ፊት እንዲህ ሲለወጥ አይቼ አላውቅም። ደሙ ሁሉ ወርዶ ሸሚዙ ውስጥ የገባ ይመስል ነበር። እኔ ምንም መናገር አላስፈለገኝም። ማሽን ጠፍቶ፣ ተነስቶ፣ እንደገና ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል። ይህንኑ ታሪክ እንግዳ ማረፊያው ምድር ቤት ቆሞ ሰምቶታል።

ስልኩን አነሳው። የስልኩን ድምፅ መቀነስ አላወቀበትም፤ ወይም አልፈለገም።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ጋሼ! ፈጣሪ...»

«እትዬ ያድምጡኝ። ደረጃው ራስ ላይ ትልቁ ማጥፊያ አለ። እሱን ያጥፉት። ወደ ታች አይውረዱ። ከላይ ሆነው ይጥሯቸው፤ ምሳቸውን ትተው ይውጡ። በሩን ክፍት ይተዉት፣ መስኮት ካለ ይክፈቱ። ከዚያ ማንም እንዳይመለስ። ዕቃ ረስቻለሁ የምትል ካለች ይያዟት። የወደቀ ሰው ቢያዩ እንኳ ራሳችሁ አትግቡ፤ የእሳት አደጋ ጥሩ።»

«ወይኔ! ምን አለ ታች?»

«የጋዙ መውጫ ከክዳኑ ሥር ነው።»

«ከእኛ ሥር?»

«አዎ።»

«ማነው እዚያ ያደረገው?»

ያኔ ነው ገርበብ ብሎ የነበረው በር መከፈቱን ያየሁት። እህቴ ቆማለች። የምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ውሃው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። አባቴም አያት። አይቷት ነው የተናገረው፤ ይህን ልክደው አልችልም።

«እኔ» አለ። «እዚህም እዚያም እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ ጩኸት ተነሳ። «ውጡ! ሁላችሁም! ሳህኑን ተዪው አንቺ፣ ሳህኑን ተዪው አልኩሽ!» የእግር ኮቴ፣ የሚወድቅ ብረት። የማሽኖቹ ድምፅ ተቋረጠ። ቆይቶ የኃላፊዋ ትንፋሽ ተመለሰ። «ወጥተዋል። አንዷ እግሬ አልታዘዝ አለኝ ብላ ደግፈው አወጧት። ግቢው ላይ ተኝታለች፤ ዓይኗ ተከፍቷል። ሐኪም እየጠራሁ ነው። ጋሼ፣ ይሰሙኛል?»

«እሰማለሁ። አየር ላይ ትቆይ። እየመጣሁ ነው» አለና ስልኩን አጠፋው።

ማንም አልተነሳም። ሳሎን የነበረው ወሬ ቆሟል።

«ነግሬው ነበር አላልክም?» አለች እህቴ። ድምጿ ስንት ሰዓት ነው ብላ የምትጠይቅ ይመስል ነበር።

«ብያለሁ።»

«ክዳኑን ክፈትና ቆይ ብለኸዋል?»

«አላልኩትም።»

«ምንም አላልከውም።»

«ዓይንህን ጨፍን ነው ያልኩት» አለ አባቴ።

እናቴ «በቃ፣ በቃ፣ ልጄ» እያለች ልትይዛት ተነሳች። እህቴ ክንዷን አሸሸች።

«ስሰድበው ሰምተኸኛል» አለችው። «ትናንት መቃብሩ ላይ፣ ማልቀስ ሲገባኝ ስሰድበው አጠገቤ ቆመህ ነበር። ክንዴን ይዘኸኝ ነበር።»



የምሳ ዕቃውን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችው። ሳታየው ስላስቀመጠችው በጠማማው ተቀመጠ፤ አንዱ ጠርዙ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ። አባቴ እጁን ዘረጋ። እያሰበ አልነበረም፤ ዓይኑም እሷ ላይ ነበር። ጣቱ ብቻዋን ሄዳ ዕቃውን ገፋ አደረገችና ከኮመዲኖው ጠርዝ ጋር አስተካከለችው።

እህቴ ጣቱን አየች። እሱም የሆነውን ያኔ ነው ያየው፤ እጁን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

ከኮቶቹ መካከል የራሷን አላነሳችም። ከታች፣ ከሁሉም ሥር፣ የብሎን የሥራ ጃኬት ነበር፤ ከሥራ ቦታው ከምሳ ዕቃው ጋር የመጣ፣ ክርኑ ላይ ግራጫ ቀለም የነካው። ጎትታ አወጣችው፤ የሌሎቹ ኮቶች ወለሉ ላይ ወደቁ። ጥቁር ልብሷ ላይ ደረበችው። እጅጌው ጣቶቿን አልፎ ወረደ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለችኝ እናቴ፤ እህቴን ለመጠየቅ ፈርታ።

እህቴ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው። በሩን የሰቀለው አባቴ ነው፤ ሲዘጋ ድምፅ አልነበረውም።